የልቦለድ መምህር ፕሬዝዳንት ሲሆን

ባለፈው ወር የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አሁን እሷም የሥነ ጽሑፍ መምህርት ናት። "ፕሮፌሰር፣ ዲን ሁኚ እያሉኝ ነው፣ ምን ይሉኛል?" አለችኝ። "አስቢበት" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አፈርኩ። 13 ዓመት ሙሉ በዚያ ወንበር ዙሪያ ስሽከረከር ኖሬ ለሰው የማካፍለው "አስቢበት" ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይቺን ጻፍኩ። ለእሷ ነው፣ ግን ከሥነ ጽሑፍ ወይም ከቋንቋ ክፍል ወጥታችሁ ኃላፊነት ተቀበሉ ለተባላችሁ ሁሉ ትሆናለች።

እኔ የልቦለድ ሰው ነኝ። ሦስተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በተራኪ ላይ ነው፤ ታሪኩን የሚነግረን ማን ነው፣ ምን ያህል እንመነው፣ ምኑን ደበቀን በሚለው ላይ። 14 ዓመት አስተማርኩ። ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ዲን፣ ከዚያ የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ መጨረሻ ላይ ፕሬዝዳንት ሆንኩ። አሁን ወደ ክፍል ተመልሻለሁ። እንዲህ ሲዘረዘር ታቅዶ የተወጣ መሰላል ይመስላል። አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሆንኩት ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። ሌሎቹ ምክንያታቸውን ተናግረው ጨርሰው ነበር፣ አንዱ ምርምር ይዟል፣ አንዷ መጽሐፍ እየጨረሰች ነው፣ አንዱ ጤናው ልክ አይደለም፤ እኔ በሩን ከፍቼ ስገባ በጭብጨባ ተቀበሉኝ። የጓደኞቼን ታሪክ ስሰማ የብዙዎቹ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "ግጥምና ልቦለድ ማስተማር ለዚህ ሥራ ምን ይጠቅማል?" የሚለውን ነው። ይጠቅማል፣ ያውም ከጠበቅሁት በላይ። የኃላፊ ሥራ አብዛኛው ማንበብ ነው። አቤቱታ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ የቅጥር ማመልከቻ፣ አንዱ በሌላው ላይ የጻፈው ማስታወሻ።

ዲን በሆንኩበት በመጀመሪያው ዓመት አራት ገጽ አቤቱታ ደረሰኝ። ከአንድ ትምህርት ክፍል መምህራን የተጻፈ፣ 11 ፊርማ ያለበት። ጉዳዩ የቢሮ ድልድል ነው። የአስተዳደር ባልደረባዬ አንዴ ገረፍ አድርጎ አነበበውና "መመሪያውን አባሪ አድርገን እንመልስላቸው" አለ። እኔ እንደ ልማዴ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። "ሳንጠየቅ" የምትል ቃል ሰባት ጊዜ አለች። "ጠባብ" የምትለው አንድ ጊዜ ብቻ። ጠራኋቸው። ቢሮ እንደማልጨምር በግልጽ ነገርኳቸው፣ ግን ድልድሉ እንዴት እንደተወሰነ ከመጀመሪያው አስረዳኋቸውና የሚቀጥለው ሲወሰን ከመካከላቸው ሁለት ሰው እንዲቀመጥ ተስማማን። ቢሮው ያው ጠባብ ቢሮ ነው። ጠቡ ግን አለቀ። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን መፈለግ የለመደ ጆሮ ካላችሁ፣ ይሄ ነገር ሳታስቡት ይመጣላችኋል።

ስለ ተራኪ የተማርኩትም እንዲሁ። ወደ ቢሮ የሚገባ ሰው ሁሉ በአንደኛ መደብ የሚተርክ ተራኪ ነው። ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ከቆመበት ቦታ የሚታየውን ነው የሚነግራችሁ። በዚህ ላይ ጥናት የጻፍኩ ሰው ሆኜ ሳለ ራሴ ግን አንድ ጊዜ ወድቄበታለሁ። አንድ ሰው ጠዋት መጥቶ ስለ አንድ መምህር የውጤት አሰጣጥ ነገረኝ፣ በደንብ ነገረኝ፣ ቅደም ተከተሉ የሚያምር፣ ዝርዝሩ ልብ የሚነካ። ከሰዓት በኋላ መምህሩ ከኮርሱ እንዲነሳ ደብዳቤ ፈረምኩ። በሳምንቱ ሰነዱ ሲወጣ ታሪኩ ግማሽ ነበር። ደብዳቤውን ሻርኩ፣ መምህሩንም ትምህርት ክፍሉ በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ ያዝኩ። አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማሁበት ቀን አልወስንም። ማስታወሻዬ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፦ እስካሁን ያልተናገረ ማን አለ?

አሁን ወደ ጉዳቱ። እኛ አንድ ግጥም ሦስት ዓይነት ተነቦ ሦስቱም ሚዛን ሲደፉ ደስ ይለናል፣ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር ብለን እንወጣለን። ቢሮ ውስጥ ይሄ ፀባይ ሰው ይጎዳል። ሁለት ትምህርት ክፍሎች ይዋሃዱ አይዋሃዱ የሚል ጉዳይ መጣ። እኔ የሁሉም ሐሳብ ይሰማ ብዬ ስምንት ወር አከራከርኩ። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ ወደድኩት። በዚያ መካከል ሁለት ጎበዝ መምህራን ዕጣ ፈንታቸውን ባለማወቃቸው ሌላ ቦታ ሥራ አገኙና ሄዱ፣ አዲስ የገቡ ተማሪዎችም በየትኛው ክፍል እንደሚመዘገቡ ጠፋቸው። የሬጅስትራር ኃላፊዋ በዕድሜም በልምድም የምትበልጠኝ ሴት ናት። ቢሮዬ ገብታ ሳትቀመጥ፣ "ፕሮፌሰር፣ እምቢ ቢሉን እኮ እንሠራለን። ዝም ሲሉን ነው የቸገረን" አለችኝ። በማግስቱ ወሰንኩ። አሁንም ውሳኔው ፍጹም ትክክል ነበር አልልም፣ ግን በሁለተኛው ወር ላይ ብወስነውም ኖሮ ያው ውሳኔ ነበር። ስድስቱ ወር ለእኔ ደስታ የወጣ የሌላ ሰው ወጪ ነው።

በጀት ሌላው ጉድ ነው። መደበኛ በጀትና ካፒታል በጀት ምን እንደሚለያቸው ሳላውቅ ወራት ስብሰባ ላይ አንገቴን እየነቀነቅሁ ተቀምጫለሁ። ለምን ጠይቄ አላወቅሁም? የኩራት ነገር ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው ቁጥር አይገባውም እንዳይሉኝ። አይገባኝም ነበር እኮ! መጨረሻ ላይ የበጀት ባለሙያዋን ለምኜ ሐሙስ ሐሙስ አንድ አንድ ሰዓት ለሁለት ወር አስተማረችኝ፣ ብቻችንን፣ በሩን ዘግተን። የነገረችኝ ትልቁ ነገር፣ በመጠን ትልቁን መስመር ትቼ ካምናው የተለወጠውን መስመር እንዳይ ነው። ትልቁ መስመር ደመወዝ ነው፣ እሱ ብዙም አያስገርምም። የተለወጠው ላይ ነው ታሪኩ ያለው። አዲስ ሕንፃ ታቅዶ የነባሮቹ ጥገና ሲቀነስ፣ የቤተ መጻሕፍት ግዥ ዘንድሮም "ለጊዜው" ሲታጠፍ፣ ለአንድ ማዕከል የተመደበው ገንዘብ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሲንከባለል። ቤተ መጻሕፍቱ ለምን ቶሎ እንደሚቆረጥ ቆይቶ ገባኝ፤ ያልተገዛ መጽሐፍ አቤቱታ አይጽፍም። እንደዚያ ማየት ስጀምር በጀት ድርሰት ሆነልኝ። ማንን እንደረሳ የሚያሳብቅ ድርሰት። እናንተ ወር አትፍጁ፣ በመጀመሪያው ሳምንት "አልገባኝም፣ አስረዱኝ" በሉ። የመጀመሪያ ሳምንት አላዋቂነት ይቅር ይባላል፣ የሁለተኛ ዓመቱ ግን አይባልም።

እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን መፈለግ ጀመርኩ። ብዙ ናቸው። ባርት ጂያማቲ የህዳሴ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ሊቅ ነበር፤ በዚያ ዘመን ግጥሞች ውስጥ ስላለው የምድር ገነት ያጠና ሰው። እ.ኤ.አ. በ1978 በ40 ዓመቱ የዬል ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነ። ገነት ሲያጠና የኖረው ሰው በ1984 የጽሕፈትና የቴክኒክ ሠራተኞቹ የሥራ ማቆም አድማ መቱበት፣ አድማውም ለሳምንታት ቆየ። ሲመሽ ይህን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። በማግስቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ።

ኒል ሩደንስታይን ደግሞ ሌላ የህዳሴ ሥነ ጽሑፍ ሰው ነው፣ ከ1991 እስከ 2001 ሃርቫርድን የመራ። በ1994 መጨረሻ ላይ በድካም ብዛት ለወራት ከሥራ አረፈ፣ ከዚያ ተመልሶ ጊዜውን ጨረሰ። ይህን ያወቅሁት እኔም ደክሞኝ ሐኪም "አቁም" ባለኝ ሰሞን ነው። ሦስት ሳምንት አረፍኩ። ዩኒቨርሲቲው አልፈረሰም። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከሁሉም በላይ የምመለስባት ግን ሩት ሲመንስ ናት። በአሜሪካ ቴክሳስ ከአሥራ ሁለት ልጆች የመጨረሻዋ፣ በሰው መሬት ከሚያርሱ ወላጆች የተወለደች፣ በሃርቫርድ በፈረንሳይኛና በዘመዶቹ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቷን የሠራች ሴት። በ1995 ስሚዝ ኮሌጅን፣ ከ2001 እስከ 2012 ደግሞ ብራውን ዩኒቨርሲቲን መራች። ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ ሆኖ ሳለ የምሕንድስና ፕሮግራም የከፈተችው እሷ ናት፤ የሥነ ጽሑፍ ሰዋ! ብራውን እንደገባች ደግሞ በ2003 ዩኒቨርሲቲው ከባሪያ ንግድ ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመች፣ ሪፖርቱም በ2006 ወጣ። ይሄ የአንባቢ ሥራ ይመስለኛል። ተቋሙ ስለ ራሱ የሚተርከውን ታሪክ ይዞ "ያልተነገረው የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅ። እኛ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የምንጠይቀውን ጥያቄ እሷ በበጀትና በኮሚቴ ጠየቀችው።

እሷን ሳነብ አንድ የራሴ ጥፋት ያመኛል። ምክትል ፕሬዝዳንት ስሆን ከምሕንድስናና ከሕክምና በኩል ፌዝ ነበር፣ "እንግዲህ ስብሰባውን በግጥም ይክፈቱልን" ዓይነት። ፌዙ ራሱ ቀላል ነው። ቤተ ሙከራቸው ሄዳችሁ አሳዩኝ ካላችሁ፣ ከልብ ካዳመጣችሁ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ይሞታል። ሰው ሥራውን ለሚጠይቀው ሰው ልቡ ይሸነፋል። እኔ ግን በዚህ አላበቃሁም። ለራሴ ሰዎች እንደማላዳላ ላሳይ ብዬ፣ ቅጥር ሲቀነስ የራሴን ትምህርት ክፍል የአንድ መምህር መደብ አስቀድሜ ሰረዝኩ። ሴኔቱ አጨበጨበ። ያ መደብ እስካሁን አልተመለሰም፣ የቃል ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምር ሰውም የለንም። ለራስ ወገን ማዳላት ጥፋት እንደሆነ ማንም ይነግራችኋል። የራስን ወገን ቆርጦ ለጭብጨባ ማቅረብም ያው አድልዎ ነው፣ የተገለበጠ። ይህን ግን ማንም አይነግራችሁም፣ የሚጎዱት ሰዎች እንኳን ዝም ነው የሚሉት፣ ለሹመታችሁ ሲሉ።

ጓደኝነት ላይ ብዙ አልልም። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬ መቋረጡን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። የቅርብ ወዳጄ ለዘመዱ የማይገባ ነገር ጠየቀኝና እምቢ አልኩት፣ ሁለት ዓመት ሰላም አላለኝም። ያጠፋሁት እምቢ ማለቴ ላይ አይደለም። ሁለት ሳምንት አመላልሼ፣ መጨረሻ ላይ በጸሐፊዬ በኩል ማስነገሬ ነው። እምቢታ በቶሎ፣ በራስ አፍ።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሥራው የሚፈልጋችሁ ስለምታነቡ ነው፣ መጀመሪያ የሚወስድባችሁም ንባባችሁን ነው። ፕሬዝዳንት በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አንድም ልቦለድ ከዳር እስከ ዳር አላነበብኩም። 300 ገጽ ሪፖርት አነባለሁ፣ 30 ገጽ ታሪክ ላይ ግን ዓይኔ ይሸሻል፣ "ፍሬ ነገሩ የቱ ጋ ነው" እያልኩ አንቀጽ እዘላለሁ። ልቦለድ ውስጥ! ቋንቋዬም ተበላሸ። ልጄ የሆነ ነገር በጽሑፍ ጠይቃኝ "ጥያቄሽ ደርሶናል፣ ታይቶ ምላሽ ይሰጥበታል" ብዬ መለስኩላት። አትማ ፍሪጅ ላይ ለጠፈችው። ወር ተቀመጠ። ሳልፍ ሳገድም አየዋለሁ።

መፍትሔ ብዬ ያደረግሁት ክፍል መግባት ነው። ፕሬዝዳንት አያስተምርም አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ቢሮ ሳይከፈት በፊት፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኮርስ ያዝኩ። ተማሪ ፕሬዝዳንት መሆናችሁ ብዙም አይገደውም፣ ከሰለቸው ያዛጋል፤ ይሄ ራሱ መድኃኒት ነው። ከዚያም አልፎ ያየሁት ነገር አለ። አንድ ቀን ግማሽ ክፍል አርፍዶ መጣ። ምንድን ነው ስል የምዝገባ ወረፋ፣ ሦስት መስኮት፣ አንዱ ወደ አንዱ የሚልክ። ይሄ ችግር ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ሪፖርት "ተፈቷል" ተብሎ ከተጻፈ አምስት ወር ሆኖታል። አብሬያቸው ሄጄ ተሰለፍኩ። ምዝገባው በሳምንቱ በአንድ መስኮት ሆነ። ያ ኮርስ ባይኖረኝ እስክወርድ ድረስ ተፈቷል እያልኩ እናገር ነበር።

ስለ መጻፍም እንዲሁ። ደቡብ አፍሪካዊው ደራሲና የሥነ ጽሑፍ ሰው ንጃቡሎ ንዴቤሌ ከ2000 እስከ 2008 የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን ሲመራ፣ በ2003 ልቦለድ አሳትሟል፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆኖ። እኔ እንኳን ልቦለድ አንድ ደህና መጣጥፍ አልጻፍኩም፣ ግን መቻሉን ማወቅ ጥሩ ነው። እኔ የማደርገው ማንበብ ብቻ ነው፦ በየቀኑ ከመተኛቴ በፊት 20 ገጽ፣ ለሥራ የማይጠቅም ነገር፣ እርሳስ ሳልይዝ። ያ ብቻ ነው የተረፈኝ፣ እሱም በሁለተኛው ዓመት የጀመርኩት።

ጣሃ ሁሴንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ማየት የተሳነው ግብፃዊ የዓረብኛ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ፣ የዲንነት ወንበሩን በ1932 በመንግሥት የተነጠቀ፣ ሆኖም በ1942 አዲስ የተከፈተውን የእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲን የመራ፣ በኋላም በትምህርት ሚኒስትርነት የነጻ ትምህርትን ያሰፋ። ወንበሩ ሲወሰድበት መሄጃ ነበረው፤ ሥራው ነበረው፣ ጽሑፉ ነበረው። ሹመት ይነሳል፣ አንዳንዴ በማለዳ ስልክ። ያን ቀን የምትመለሱበት ነገር መኖሩን አሁኑኑ አስቡ።

እኔ አላሰብኩም ነበር። ጊዜዬ ሲያልቅ ወደ ትምህርት ክፍሌ ስመለስ ኮርሶቼ ለሌሎች ተሰጥተዋል (ትክክል ነው፣ ማን ይጠብቀኛል?)፣ ቢሮዬ ሰው አለበት፣ በመስኬ የተጻፈው የ13 ዓመት ጽሑፍ አልፎኛል። የምርምር ዓመት እንዲሰጠኝ ስጠይቅ "ቀድሞ የተጻፈ ነገር አለ?" ተባልኩ። አልነበረም። ስሾም በደስታ ብዛት ምንም አላስጻፍኩም። ስለዚህ እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት አስጽፉ። ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ፣ በየትኛው ማዕረግና ወደ የትኛው ክፍል እንደምትመለሱ፣ ሲያልቅ የምርምር ጊዜ እንዳላችሁ፣ አንድ ኮርስ ማስተማር እንደምትችሉ፣ ቅጥርና በጀት ላይ የመጨረሻው ፊርማ የማን እንደሆነ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው ደግሞ ፈልጋችሁ አግኙት። ለምን እንደወጣ ጠይቁት፣ ሲመልስም መልሱን ብቻ ሳይሆን የዘለለውን አዳምጡ። የተራኪ ነገር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ተማሪዬ መልሳ ደወለች። "የሹመት ደብዳቤው መጣ" አለችኝ። "ላኪልኝ፣ አብረን እናንበው" አልኳት። አንድ ገጽ ከግማሽ ነው። በየራሳችን ቤት፣ ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን፣ መስመር በመስመር ሄድንበት። "እንደ አስፈላጊነቱ" የሚለው አራት ቦታ አለ። ስለ ማስተማር የሚያወራው ላይ አለ፣ ስለ ቆይታዋ ዘመን የሚያወራውም ላይ አለ። እሷ ናት መጀመሪያ ያየችው፣ እኔ ሦስት ብቻ ነበር የቆጠርኩት። አራቱንም አስምራባቸው "አስፈላጊ መሆኑን የሚወስነው ማነው?" ብላ ጽፋ መልሳላቸዋለች። መልስ እየጠበቀች ነው።